የሰው ሣር

በዛሬው ገጻችን እኔና ባለቤቴ በጉዞ ላይ ሳለን ያጋጠመንን ላካፍላችሁ።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ላውተርብሩነን በምትባል የተራራ መንደር በአንድ ሆቴል ትሠራለች። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ ከምንኖርበት ከፍራንክፈርት ተነሥተን ልንጠይቃት ሄድን። መንደሯ በሁለት ትላልቅ ገደሎች መካከል ያለች ናት። ሽታውባኽ የሚሉት ፏፏቴ 300 ሜትር ከሚያህል አለት ላይ ይወረወራል። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1779 አይቶት ግጥም ጽፏል። ዛሬ ደግሞ እርሱን ፎቶ ለማንሣት ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል።

እኔም ከባቡር እንደወረድን ካሜራዬን ይዤ፣ ፏፏቴውና ቤተ ክርስቲያኑ አብረው የሚታዩበትን ቦታ ፍለጋ ረጅም ሣር ውስጥ ገባሁ። «ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ» አልኳት። ባለቤቴ ግን ከመንገዱ አልተነቃነቀችም። «ውጣ እንጂ! የከብቶቹ መኖ እኮ ነው» አለችኝ። እርሷ ገጠር ነው ያደገችው፤ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎተራቸው ደጅ ቆመው ያዩኝ ነበር። አፈርኩ። ሐፍረቴንም በቁጣ ለወጥኩትና «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ስለ ሣር ታወሪያለሽ?» አልኳት። እስከ ማታ ተኳረፍን።

ማታ እትዬ ነገሩን ሰምታ ሳቀች። «በሰው ጤፍ መካከል ገብተህ ፎቶ ትነሣለህ?» አለችኝ። ሸለቆው በብርዱ ወራት በረዶ ስለሚለብስ ላሞቹን የሚያከርማቸው በሙቀቱ ጊዜ ታጭዶ የተከማቸ ድርቆሽ ነው። የተረገጠ ሣር ደግሞ ለማጨድ ያስቸግራል።

ከዚያ እንደ አገሬው መኖርን አስተማረችን። በጠባብ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «ግሩሰኽ» ብለው ሰላም ይላሉ። ቃሉ ድሮ «እግዚአብሔር ሰላም ይበልዎ» ማለት ነበር፤ እኛ «ጤና ይስጥልኝ» ስንል የሰጪውን ስም እንደማንጠራ፣ እነርሱም ስሙን በልባቸው አስቀርተውታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጩኸት የለም። እሑድ ሣር አይታጨድም፤ ባዶ ጠርሙስ እንኳ ወደ ማጠራቀሚያው አይጣልም።

እትዬ ራሷ ግን በመንደሯ አታድርም። ቤት አጥታ በባቡር 20 ደቂቃ ከሚርቀው ከኢንተርላከን ትመላለሳለች። ለእንግዳ የሚከራየው ቤት ሲበዛ ለሠራተኛ የሚተርፈው ያንሳል። የስዊዘርላንድ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 ድምፅ ሰጥቶ፣ ባለቤቶቹ በቋሚነት የማይኖሩባቸው ቤቶች በአንድ ቀበሌ ካሉት ቤቶች ከ20 በመቶ እንዳይበልጡ ወስኗል። ብዙም በማይርቀው በኢዘልትቫልት መንደር ደግሞ፣ በአንድ የኮሪያ ተከታታይ ፊልም ላይ የታየው የሐይቅ ዳር መቆሚያ በሰው ስለተጨናነቀ እ.ኤ.አ. በ2023 የ5 ፍራንክ መግቢያ ተደረገበት።

ይህን ስሰማ ነገሩ የሣር ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እኛ ለአንድ ቀን የምናየው ቦታ ለሌላው ዕድሜ ልኩን ቤቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ካሜራዬን ትቼ ከባለቤቴ ጋር ወጣን። በመንገድ ላይ «ትናንት ልክ ነበርሽ፤ የጮኽኩብሽ ስላፈርኩ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ እጄን ያዘች። በገበሬው ደጅ ስናልፍ «ግሩሰኽ» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው መለሱልኝ። ሣሩን በእጄ አሳይቼ ደረቴን ስነካ ገባቸውና ፈገግ አሉ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ለጉዞ ስትነሡ ምን እንደምታዩ ብቻ አትነጋገሩ፤ በሰው ደጅ እንዴት እንደምትመላለሱም ተነጋገሩ። ከመካከላችሁ አንዱ «ውጣ» ሲል ሌላው ይስማ።