ጌሙ ሳይደርስ ኮንሶሉ ያረጃል

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በ2001 ሮክስታር ጂቲኤ 3ን አወጣ። በዓመቱ ቫይስ ሲቲ መጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2004፣ ሳን አንድሪያስ ተከተለ። ሦስቱም ለአንድ ማሽን የወጡ ናቸው፤ ለፕሌይስቴሽን 2።

አሁን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁጠሩ። ጂቲኤ 5 በሴፕቴምበር 2013 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጣ። ከዚያ ፕሌይስቴሽን 4 መጣ፣ ሰው ሁሉ ገዛው፣ አረጀ፤ የድሮው ጂቲኤ 5 ታድሶ ከመሸጡ በቀር አዲስ ክፍል ሳያይ ተተካ። ፕሌይስቴሽን 5 በኖቬምበር 2020 ገበያ ላይ ዋለ። ጂቲኤ 6 መጀመሪያ ለ2025፣ ቀጥሎ ለሜይ 2026፣ ቀጥሎ ለኖቬምበር 2026 ተቀጠረ። በመጨረሻው ቀጠሮ ቢደርስ እንኳ ኮንሶሉ ስድስት ዓመት ይሞላዋል።

ሮክስታር ብቻውን አይደለም። ኖቲ ዶግ በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን ሦስት አንቻርትድ እና ዘ ላስት ኦፍ አስን ሠርቷል። የፕሌይስቴሽን 5 ዘመን ከጀመረ ወዲህ ግን ለገበያ ያቀረበው በአብዛኛው የቀድሞ ሥራዎቹን እያደሰ ነው። ቤተስዳ ስካይሪምን ያወጣው በ2011 ነው። የሚቀጥለውን ክፍል በ2018 በአጭር ቪዲዮ አስተዋወቀ። ስካይሪምን በ12 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ዛሬ ሥራ ይዞ የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ማሽኑ በጠነከረ ቁጥር ሥራው ይበዛል። ድሮ በአንድ ሥዕል የሚሸፈን ግድግዳ ዛሬ ስንጥቁና ጥላው ሁሉ ለየብቻው ይሠራል። ሥራው ሲበዛ ሰው ይጨምራል፣ ሰው ሲጨምር የወር ደመወዝ ይከመራል። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ይፋ የሆነ ሰነድ እንዳሳየው ዘ ላስት ኦፍ አስ 2 ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል።

ይህን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ድርጅት መውደቅን አይችልም። ሲወድቅ ደግሞ ዕዳው የሚያርፈው ሠራተኛው ላይ ነው። የሶኒው ኮንኮርድ ከዓመታት ሥራ በኋላ በኦገስት 2024 ወጣ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ተዘጋ። በኦክቶበር ስቱዲዮው ራሱ ተዘጋ። የብዙ ሰው የብዙ ዓመት ልፋት ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ተፈርዶበት አለቀ።

«ጥሩ ነገር ጊዜ ይፈልጋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ሳይበርፐንክ 2077ን ተመልከቱ። የተነገረለት በ2012፣ ፕሌይስቴሽን 4 ገና ሳይወጣ ነው። የወጣው በዲሴምበር 2020፣ ፕሌይስቴሽን 5 በወጣ በወሩ ነው። በአሮጌው ኮንሶል ላይ እንዲያ ተበላሽቶ ስለታየ ሶኒ ከመደብሩ አንስቶት ስድስት ወር ያህል ቆየ። ስምንት ዓመት ተጠብቆም ጥድፊያው አልቀረም። መዘግየት ብቻውን ጥራት አይሆንም።

ገዢውስ? ፕሌይስቴሽን 2 በአሜሪካ በ299 ዶላር ጀምሮ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወረደ። ፕሌይስቴሽን 5 በ499 ዶላር ጀምሮ በኦገስት 2025 ወደ 549 ወጣ። ድሮ የታገሠ ሰው በርካሽ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ የታገሠ ይቀጣል። ለሚመጣው ጌም ብሎ ኮንሶል የገዛ ሰው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖበታል።

መፍትሔው የተሰወረ አይደለም። ቫይስ ሲቲ በአንድ ዓመት የደረሰው የጂቲኤ 3ን መሠረት ስለተጠቀመ ነው። ኒንቴንዶም በ1998 ኦካሪና ኦፍ ታይምን አውጥቶ፣ የዚያኑ ገጸ ባሕርያትና ቁሳቁስ መልሶ በመጠቀም በ2000 ማጆራስ ማስክን አደረሰ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይወደሳሉ። በ2025 ደግሞ 30 ሰው ገደማ ያለው የፈረንሳዩ ሳንድፎል ክሌር ኦብስኩርን ይዞ መጥቶ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ተጫዋቹ በመጠኑ ማነስ አልተከፋም።

ኮንሶሉም ዕድሜ ይሰጠው። ፕሌይስቴሽን 2 ለ12 ዓመት ያህል ተመርቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ፊፋ 14 እንኳ ወጥቶለታል። በአዲስ አበባ ጌም ቤቶች በጨዋታ እየከፈለ ኳስ ሲጫወት ያደገ ልጅ ይህን ያውቀዋል፤ ማሽኑ የሚሞተው ጌም ሲያጣ እንጂ ዓመት ሲቆጥር አይደለም።

ስለዚህ ኩባንያዎቹ ስለ ቀጣዩ ኮንሶል ከማውራታቸው በፊት የዚህኛውን ዕዳ ይክፈሉ። ማሽኑ ተሸጧል፤ ገንዘቡም ተበልቷል። የቀረው ጌሙ ነው።