የአባይን ልጅ ውሃ ወሰደው

ዌክቦርድ የሚባለውን ጨዋታ ያላየ ሰው እንዲህ ይረዳው፦ ተጫዋቹ ሁለት እግሩን አንዲት ሰፊ ሰሌዳ ላይ ያስራል፣ ከሞተር ጀልባ የተዘረጋ ገመድ ይጨብጣል፣ ጀልባው ሲፈተለክ እሱ ውሃው ላይ ቆሞ ይንሸራተታል። እንደ ላንጋኖ ባሉ ሐይቆች በጀልባ እየተጎተቱ መንሸራተት ለመዝናናት ለሚወርድ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ቪዲዮው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ የሚወርደው አስተያየትም አዲስ አይደለም። ሕዝብ በጦርነትና በረሃብ እየተጠበሰ ይህ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው ይባላል።

ቁጣው ያለምክንያት አልመጣም። ዒላማውን ግን ስቷል። መታየት ያለበት ሰሌዳው ሳይሆን፣ ጀማሪው ሰሌዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግለት ነገር ነው።

በመጀመሪያ ላይፍ ጃኬት ያለብሱታል። ዋና ትችላለህ ወይ ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል፤ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ሰብስብ፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ገመዱን ወደ ራስህ አትሳብ፣ ለመቆም አትቸኩል፣ ጀልባው ራሱ ያነሳሃል፣ ከወደቅህ ገመዱን ልቀቅ። ጀማሪ ሁሉ ቸኩሎ ይነሳና ይወድቃል። አስር ጊዜ ይወድቃል። ግን አይሞትም። እስኪወድቅ ድረስ ሳይሆን ከወደቀም በኋላ የታሰበለት ሰው ነውና።

አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ወደ ታች ጋይንት ይታሰብ። የወረዳው ከተማ አርብ ገበያ ናት። ከወረዳው በስተደቡብ በሽሎ ይፈስሳል፣ ማዶው ወሎ ነው፣ ውሃው ወርዶ አባይ ይገባል። ጎረቤቱ ስማዳም ከበሽሎና ከአባይ ጋር ይዋሰናል። በበጋ እረኛ ከብቱን እየነዳ የሚያቋርጠው ወንዝ ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ሌላ ፍጡር ይሆናል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ደብተሩን በፌስታል የጠቀለለ ተማሪ፣ ጥጃ የተወሰደበት እረኛ፣ ሁሉም ከዚያ ውሃ ፊት ይቆማሉ። ጃኬት የለም። ዋና ያስተማራቸው የለም። የሚጎትታቸው ገመድ የለም። እዚህ ጀማሪ አንዴ ብቻ ነው የሚወድቀው።

እንግዲህ ቅንጦቱ የቱ ነው? ውሃ ላይ መንሸራተት ቅንጦት ሊሆን ይችላል። ውሃ ላይ መንሳፈፍ ግን ቅንጦት አይደለም። የአገሪቱ ጥፋት ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ ሁለቱንም ለሆቴል እንግዳ መተው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሚሞት ይገምታል። ከዚህ ውስጥ ከአስር ዘጠኙ የሚሞተው በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው፤ ብዙውም ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ 18ን የዓለም የመስጠም መከላከያ ቀን አድርጎታል። ቀኑ ክረምቱ በሚያይልበት፣ በሽሎ በሚሞላበት ሰሞን ላይ ይውላል። አገሪቱ ለዛፍ ተከላ ቀን ቆርጣ ሕዝብ ስታንቀሳቅስ ይህ ቀን ግን መጥቶ እንደሄደ የሚያውቀው ስንቱ ነው?

ዋና ሲነሳ ሕዝቡ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ሪዮ፣ ነሐሴ 2008 ዓ.ም። ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ፈጅቶበት ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ወጣ። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ መሪ መሆናቸው ሲሰማ ሳቁ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ስለ ምርጫው መጠየቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ስለ አንድ ወጣት ቦርጭ ሲያወራ ከርሞ ትልቁን ጥያቄ ረሳው። በትምህርት ቤት ዋና የማይማር ሕዝብ ከየት ዋናተኛ ያመጣል? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በ2008 በእርግጥም አሳስቆ ወስዷል።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ከውሃ ጋር የሠራችው ሥራ ትንሽ አይደለም። በ2012 ዓ.ም ይፋ የሆነው ገበታ ለሀገር 3 ቢሊዮን ብር ለመሰብሰብ ተነስቶ ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት ነበር። ጎርጎራ ጣና ዳር ነው፣ ወንጪ ሐይቅ ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ ደግሞ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ንጋት የተባለ አዲስ ሐይቅ ተወለደ። ማደሪያ የለውም ይባል የነበረው አባይ ማደሪያ አገኘ። መልካም ነው። ግን ሐይቁን የሚያየው እንግዳ ሲታሰብ፣ ሐይቁ ዳር የሚያድገው ልጅ መዋኘትን ከማን ይማራል? ዌክቦርድ ላይ ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ሳይንሳፈፍ ለመቆም መቸኮሉ ነው። አገሪቱም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ልጆቿ መንሳፈፍ ሳይማሩ ኦሊምፒክ ላከች፣ ሪዞርት ገነባች።

መልስ የሚሰጡ አሉ። ጣና ቢልሃርዚያ አለው፣ ጉማሬም አለው፣ ጫሞ አዞ አለው ይላሉ። እውነት ነው። ግን ልጆቹ እኮ ዛሬም ውሃው ውስጥ ናቸው። ይታጠቡበታል፣ ከብት ያጠጡበታል፣ ይሻገሩታል። አደጋው ልጁን ከውሃው አላራቀውም፤ ትምህርቱን ብቻ ነው ያራቀበት።

ገንዘብ የለም የሚሉም አሉ። ባንግላዴሽ ገንዘብ ስለተረፋት አይደለም ልጆቿን ያስተማረችው። በመንደር ኩሬ ውስጥ የቀርከሃ መደብ ተሠርቶ፣ በዚያው መንደር የሰለጠኑ ሰዎች ሕፃናትን መንሳፈፍና መዋኘት አስተማሩ። የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ይልቅ በመስጠም የሚሞቱት እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ጥናት አሳይቷል። መዋኛ ገንዳ አልተገነባም፣ ሞተር ጀልባም አልተገዛም።

ይህ ዕውቀት ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። የጣና ሰው ከደንገል ታንኳ ሠርቶ ሐይቁን ሲያቋርጥ ኖሯል። አባይን በተነፋ ስልቻ የሚያሻግሩ ዋናተኞች ነበሩ። ያ ስልቻ የአያቶች ላይፍ ጃኬት ነበር። ዛሬ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካንና ረጅም ገመድ በየመሻገሪያው ቢቀመጥ ሰው ያድናል። የሰመጠውን ለማዳን ዘሎ ከመግባት በፊት ገመድ መወርወርን አንድ የስፖርት መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምረው ይችላል። በባሕር ዳር፣ በጎርጎራ፣ በሐዋሳ፣ በቢሾፍቱና በአርባ ምንጭ ያሉ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ክፍለ ጊዜያቸው ዋና ቢያስገቡ፣ ሐይቅ ዳር መሬት የተሰጣቸው ሪዞርቶችም ገንዳቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ለሰፈሩ ልጆች ቢከፍቱ ማንም አይከስርም። ደቡብ ጎንደር ሰላም ሲያገኝ ድልድዩም መምጣት አለበት። እስከዚያ ግን ወንዙ አይጠብቅም።

ስለዚህ ላንጋኖ ላይ የሚንሸራተተውን ወጣት መስደብ ይብቃ። እሱ ጃኬት ለብሷል፣ ገመድ ይዟል፣ ሲወድቅ የሚያነሳው ጀልባ አለው። የሚያስቆጣው እሱ ይህን ማግኘቱ ሳይሆን የአርብ ገበያው ልጅ ማጣቱ ነው። ድሮ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል ነበር። ዛሬ ግን እየወሰደውም ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚለቀስለትን ልጅ መዋኘት ማን ነው ማስተማር የነበረበት?