የማዳበሪያ ሥልጠና ከምስክር ወረቀት ይለፍ



ከግንደወይን፣ ከሞጣና ከቢቸና የመጣን ተማሪዎች ለክረምት ወደ ቤት ስንመለስ ቀድሞ የሚቀበለን ወሬ የማዳበሪያ ወሬ ነው። መጣ ወይ? ስንት ኩንታል ገባ? ለእነ እገሌ ደረሰ? ማዳበሪያ ከኑሯችን ጋር ከመቆራኘቱ የተነሣ እህል የምንሞላበት ከረጢት እንኳ ስሙ «ማዳበሪያ» ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል ገብቶ፣ በመኪና ተጭኖ ነው ጎጃም የሚደርሰው። በ2015 የዘር ወቅት በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው አደባባይ ወጥተው አቤት ማለታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዝናብ መርከብ አይጠብቅም፤ መንገድ እስኪከፈትም አይጠብቅም።

ስለዚህ «ወጣቱ ባዮ ማዳበሪያ እንዲያመርት እናሠልጥነው» የሚለው ሐሳብ በየቦታው ሲነሣ ደስ ይለናል። በሐሳቡ እንስማማለን። የማንስማማው በአሠለጣጠኑ ነው።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በአንድ ክረምት እንዲህ ያለ ሥልጠና ወስደናል። ሦስት ቀን ነበር። ሁለቱ ቀን አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ስናይ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ትል የያዘ ሳጥን ታየ፤ ፎቶ ተነሣን፤ አበል ፈረምን፤ ምስክር ወረቀት ተቀበልን። ሳጥኑን ለሠልጣኞቹ በጋራ አስረከቡን። የተቀመጠበት መጠለያ ያፈስ ነበርና ሳጥኑ ውኃ ቋጥሮ ትሉ ከመስከረም በፊት አለቀ። «ትሉ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀን የለም። እውነቱን ለመናገር እኛም ተራ ገብተን አልጠበቅነውም። ምስክር ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አለ።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ባዮ ማዳበሪያ በባሕርዩ በሦስት ቀን የሚሠለጥኑበት ሥራ ስላልሆነ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩትን ሦስት ነገሮች ለይተን እንያቸው።

አንደኛው ኮምፖስት ነው። ፍግ፣ ገለባና ቅጠል በንብርብር ይከመራል፣ እርጥበቱ ይጠበቃል፣ በየጊዜው ይገለበጣል። በአግባቡ ከተሠራ የክምሩ ውስጥ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል፤ የአረም ዘርና ብዙ የበሽታ ተሕዋስያን የሚሞቱት በዚህ ሙቀት ነው። ካልሞቀ ገበሬው ማዳበሪያ ብሎ የገዛው አረም ሆኖ ይበቅልበታል። ሁለተኛው የትል ኮምፖስት ነው። ቀዩ ትል የበሰበሰውን እየበላ ጥቁርና ልል አፈር የመሰለ ማዳበሪያ ያወጣል፤ ነገር ግን ኃይለኛ ሙቀት፣ ድርቀትና የተኛ ውኃ ይገድለዋል። ሦስተኛው በትክክለኛ ስሙ ባዮ ማዳበሪያ የሚባለው ነው። ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ በባቄላ፣ በሽምብራና በምስር ሥር ላይ ዕባጭ ሠርቶ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ያዘጋጅለታል። በሀገራችን የግብርና ተመራማሪዎች ለዓመታት የደከሙበት ሲሆን መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ አምርቶ ለገበያ ያቀርበዋል። ለአንድ ሄክታር ባቄላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ዘሩ በጥላ ሥር በስኳር ውኃ ረጠብ ተደርጎ ከዱቄቱ ጋር ይለወሳል፤ ወዲያው ይዘራል። ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል።

ሦስተኛውን በጓሮ ማምረት አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። የግንደወይን ወጣት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማምረት፣ ሦስተኛውን ደግሞ በጥንቃቄ ማከፋፈልና አጠቃቀሙን ማሳየት ይችላል። ሥልጠናው ይህን ልዩነት ሳይነግረው ከለቀቀው ከመነሻው አሳስቶታል ማለት ነው።

ሌላም መነገር ያለበት እውነት አለ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ጥሩ ኮምፖስት በደረቅ ክብደቱ ከመቶ አንድ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ያህል ናይትሮጅን ቢይዝ ነው። በሒሳብ ብቻ ብናየው ያን አንድ ኩንታል ለመተካት ሠላሳ ኩንታልና ከዚያም በላይ ኮምፖስት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ዩሪያን ጨርሶ ይተካል» ብሎ ለጤፍ ገበሬ መማል ውሸት ነው። ኮምፖስት ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ አፈሩ ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ የተሸረሸረውን መሬት እያደር ይመልሳል፣ የሚገዛውን ማዳበሪያ ይቀንሳል። በትግራይ ከ1988 ገደማ ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር በሠሩት ሥራ ኮምፖስት በዓመታት ውስጥ ከኬሚካል ማዳበሪያ የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ ታይቷል። «በዓመታት ውስጥ» የሚለው ቃል ግን አይረሳ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ለእኛ ለሙስሊም ተማሪዎች በተለይ የሚቀርበው። ባዮ ማዳበሪያ ገዢው አይቶ የማያውቀው ዕቃ ነው። ባክቴሪያው በሕይወት ይኑር ይሙት በዓይን አይታይም። ክምሩ ሞቆ ይሁን ሳይሞቅ የቀረ ከረጢቱ አይናገርም። ገበሬው የሚያውቀው ከወራት በኋላ ማሳው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዓመቱ አልፎበታል። እንዲህ ያለ ንግድ የሚቆመው በአማና ብቻ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ማግኘታቸውን፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ነጋዴውን መገሠጻቸውን በመድረሳ ተምረናል። ያ ሐዲስ ለማዳበሪያ አምራች የተነገረ ያህል ነው። ክምሩ ውስጥ እጅ ይግባ!

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው። በጎጃም አባቶቻችን ለረጅም ዘመን ከርስት ርቀው በንግድና በሽመና ነበር የኖሩት። በየካቲት 1967 የወጣው አዋጅ ያን ዘመን ዘጋው። በክልላችን በ1989 ከተካሄደው ድልድል ወዲህ ግን ለአዲስ ትውልድ የተደረሰ ይህ ነው የሚባል መሬት የለም። ከዚያ በኋላ የተወለደው ወጣት፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ በአብዛኛው የሚያርሰው የለውም። ኮምፖስት ለማምረት ጥላ ያለው ጥቂት ቦታ፣ አካፋ፣ ውኃና ትዕግሥት ይበቃል። መነሻው ትንሽ ስለሆነ ወለድ ውስጥ ሳይገቡ ወንድማማቾች ተደጋግፈው የሚጀምሩት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ጉርብትና ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጥለዋል፤ ሕመሙ ገና ከልባችን አልወጣም። በአንድ ገበያ የሚውል ሰው የሚተማመነው በስብሰባ ንግግር ሳይሆን ዕቃው እንደተባለው ሆኖ ሲያገኘው ነው። ከሙስሊም ወጣት የገዛው ማዳበሪያ ባቄላውን ያሳመረለት ገበሬ ያን ወጣት በሚቀጥለው ዓመት ፈልጎ ይመጣል።

«እበት መሸጥስ እንዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁ ወንድሞች አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ፍግ ነጃሳ ስለሆነ መሬት ማዳበሪያ ማድረጉ ቢፈቀድም መሸጡ ላይ ጥብቅ ናቸው። ሐነፊዎች መሸጡን ይፈቅዳሉ። ማሊኪዎችና ሐንበሊዎች ደግሞ ሥጋው የሚበላ እንስሳ ፍግ ንጹህ ነው ይላሉ። ሥራውን የሚጀምር ሰው ኡስታዞቹን ጠይቆ ይጀምር። ሙስሊሞች ግን በዚህ ዕውቀት አፍረው አያውቁም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሴቪል የኖረው ኢብኑል ዐዋም ስለ እርሻ በጻፈው ትልቅ ኪታብ ውስጥ ለፍግ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሥልጠናው ቢያንስ አንድ ሙሉ ክምር እስኪበስል፣ ማለትም ሦስት ወር ያህል ይቆይ። ሠልጣኙ ራሱ የከመረውን ክምር ሙቀትና እርጥበት በደብተር ይመዝግብ። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ምርቱን በገበሬ ማሳ ላይ ካየ በኋላ ይሁን። ከረጢቱ ላይ ከምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደበሰለና ማን እንደሠራው ይጻፍ። ራይዞቢየም የሚያከፋፍል ደግሞ ገበሬው ፊት ባቄላውን ነቅሎ የሥሩን ዕባጭ ሰንጥቆ ያሳይ፤ ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው እየሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አልሠራም። ያልሠራውን «አልሠራም» ማለትም የሥልጠናው ክፍል ይሁን።

ፍግ ከየት ይመጣል የሚለውም ቀላል አይደለም። በደጋው ፍግ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ እናቶቻችን ማገዶ የላቸውምና «አታንድዱ» ማለት አንችልም። ባዮጋዝ ይህን ያስታርቃል፤ ጋዙ ወጥ ይሠራል፣ ዝቃጩ ማዳበሪያ ይሆናል። የምሕንድስና ተማሪዎች እጃችን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በየከተማው የሚጣለው የአትክልት ተረፈ ምርትና የጫት ገረባም አለ። በዒደል አድሓ የምናርደው ከብት ፈርስስ? በየዓመቱ ወንዝ ዳር ተጥሎ ይሸታል። ከገለባ ጋር ቢከመር ለመኸር ይደርሳል።

በጀማዓችን ውስጥ የግብርና፣ የባዮሎጂ፣ የምሕንድስናና የንግድ ሥራ ተማሪዎች አለን። በመጪው ክረምት ከየመምሪያው ጥቂት ሆነን በግንደወይን አንድ ክምር እንጀምር፤ አንድ ብቻ። በየተራ እንጠብቀው፣ በደብተር እንመዝግበው፣ ካልተሳካም ለምን እንዳልተሳካ በዚሁ ጽሑፍ ላይ እንንገራችሁ። ሰውም ወፍም ከበላለት አዝመራ ለዘሪው ሰደቃ እንደሚጻፍለት ተምረናል። መሬቱን ላዳበረውም አላህ (ሱ.ወ.) ከዚያ ምንዳ ድርሻ እንዲያደርግለት እንለምነዋለን። አሚን።