ኮሌጁ ለተማሪው ዋስ ይሁን

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ፣ በማታው መርሃ ግብር ኮስት አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ፊቴ የሚቀመጡት ቀን ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ የፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ፣ የሕንፃ ጥበቃ፣ የራይድ ሹፌር፣ የሱቅ ሻጭ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሥራቸውን ስጠይቅ «ኦንላይን ነው የምሠራው» የሚሉኝ በዝተዋል። አንዷ መርካቶ ላለ የልብስ ሱቅ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጽ ትይዛለች። ሌላው በካፕከት የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። በስልኩ ካንቫ ከፍቶ የልደትና የምርቃት ፖስተር የሚሠራ አለ፤ ለውጭ ድርጅት የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡም አሉ። የሴሚስተር ክፍያቸውን የሚከፍሉት በዚህ ገንዘብ ነው።

የእነዚህ ወጣቶች ነገር በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው ምክር «ክህሎት ይኑራችሁ» የሚል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ሥልጠናው በነፃ የሚሰጥ ጠቃሚ ነገር ነው፤ ተማሪዎቼ እንዲመዘገቡ እኔም ወትውቻለሁ። ሆኖም ክፍያ አቅቷቸው ትምህርት ያቋረጡብኝን አንድ በአንድ ሳስባቸው አብዛኞቹ ሥራውን የሚችሉ ነበሩ። ያጡት የሚያምናቸውን ሰው ነው። በአገራችን ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ለመቀጠር ዋስ ይጠየቃል፤ ዋሱ ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። በኢንተርኔት ሥራ ለሚፈልግ የሃያ ዓመት ልጅ ማን ዋስ ይሁነው? እኔ የሚማርበት ኮሌጅ ይሁነው እላለሁ።

የመታመን ነገር ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ያየሁት በአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ነው። ቅዳሜና እሑድ በዙም ለሁለት ወንድማማቾች አማርኛ ታስተምራለች። ልጆቹ የሚኖሩት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሀ ሁ ጀምረው አሁን ለአያታቸው በአማርኛ የድምፅ መልእክት መላክ ችለዋል። እነሱ በጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ለትምህርት ሲቀመጡ እሷ ዘንድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ይሆናል። ሥራውን ያገኘችው የልጆቹ አክስት ኮተቤ የእናቷ ጎረቤት ስለሆነች ነው። ወር ሲሞላ የልጆቹ እናት ለእህቷ ትደውላለች፣ እህትየው በቴሌብር ትልካለች። የተጻፈ ውል የለም፤ ክፍያው ግን ዘግይቶ አያውቅም። ሁለቱንም ወገን የምታውቅ አንዲት ሴት መሐል መኖሯ ብቻ በቂ ሆኗል።

እንዲህ ያለች አክስት የሌለው ተማሪ ወደ አፕወርክና መሰል ዓለም አቀፍ መድረኮች ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ሥራ ለመጠየቅም ገንዘብ ያስፈልጋል። ማመልከቻ የሚላክበት «ኮኔክት» አንዱ በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጣል፤ ለአንድ ሥራ አሥርና ከዚያ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ልጅ ገና ከበሩ ይመለሳል። ተሳክቶለት የገባውም ቢሆን ሒሳቡን አጥርቶ ማየት አለበት። ድምፅ ለሚገለብጥ ሰው «በሰዓት 12 ዶላር» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የድምፁ ርዝመት ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ መገልበጥ ለለመደ ሰው እንኳ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ድካም 3 ዶላር ነው ማለት ነው፤ መድረኩ 10 በመቶ ከቆረጠ 2.70። ከዚህ ላይ ገንዘቡን ወደ አገር ቤት ባንክ ማስገቢያ፣ የኢንተርኔት ጥቅል፣ መብራት ሲጠፋ ካፌ ለመቀመጥ የሚታዘዘው ማኪያቶ ይቀነሳል። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ መልመጃ አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት ተማሪዎች ራሳቸው ከዚያ በፊት ወጪያቸውን ጽፈው አያውቁም ነበር።

ያም ሆኖ ሥራው አይናቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኑሮው አብሮ ቢወደድም፣ በዶላር ለሚከፈለው ተማሪ በብር የተተመነው የኮሌጅ ክፍያ ቀልሎለታል። ችግሩ እዚያ መድረስ ነው።

አካውንት መከራየት የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሥራ ሠርቶ ጥሩ አስተያየት ያከማቸ ሰው አካውንቱን ለተማሪ ያከራያል። ተማሪው በሰው ስም ይሠራል፤ ገንዘቡ ለባለ አካውንቱ ይገባል፤ እሱም ድርሻውን ቆርጦ ቀሪውን ይልካል። መድረኮቹ ይህን ይከለክላሉ። ስለዚህ ባለ አካውንቱ የወሩን ገንዘብ ይዞ ስልኩን ቢዘጋ ተማሪው አቤት የሚልበት የለውም።

ከዚህ የከፋም አለ። «ዩቲዩብ ላይ ላይክ በማድረግ ብቻ ተከፋይ ሁኑ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ትንሽ ብር በእርግጥ ይከፈላል። ቀጥሎ «ደረጃሽን አሳድጊ» ተብሎ ገንዘብ ማስገባት ይጠየቃል፤ የገባው ሲበረክት ግሩፑ ይጠፋል። የምዝገባ ገንዘቧን በዚህ መንገድ የተበላች ተማሪ ቢሮዬ መጥታ አልቅሳለች። ሞኝ አይደለችም፤ ከክፍሉ ጎበዞች አንዷ ናት። የተታለለችው ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ማስያዝ ያለ ነገር ስለመሰላት ነው። ዋስ ያጣ ሰው በዋሱ ፋንታ ገንዘብ ሲያስይዝ ኖሯልና አልፈርድባትም። ለተማሪዎቼ ሁሉ የምደጋግመው ግን ይህን ነው፦ ሠራተኛውን ገንዘብ አስገባ የሚል አሠሪ አሠሪ አይደለም።

እኔን አብዝቶ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ለተማሪ ከሁሉ ቀርቦ የሚገኘው የኦንላይን ሥራ የሌላ ተማሪ አሳይመንት፣ ፕሮፖዛልና የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት ነው። ማስታወቂያው በቴሌግራም በግልጽ ይለጠፋል። ደንበኛው እዚሁ አገር ነው፣ ክፍያው በብር ነው፣ ግማሹ ቀድሞ ይሰጣል፣ ሠሪውና አሠሪው በጓደኛ በኩል ይተዋወቃሉ። መተማመን ያለበት ገበያ ስለሆነ ይደራል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየጻፉ የሚተዳደሩ ወጣቶች ብዛት ሥራውን ራሱን የቻለ መተዳደሪያ አድርጎታል። እኛም ወደዚያው እየሄድን ነው።

የሦስት ተማሪዎችን ሥራ ሳርም የአንድ ጎበዝ ልጅ አጻጻፍ አየሁባቸው። ጠርቼ ስጠይቀው አልካደም። «መምህር፣ በሰዓቱ የሚከፍለኝ ሥራ ይኼ ብቻ ነው» አለኝ። ያ ልጅ የአንድ ዳቦ ቤት ዱቄት፣ እርሾ፣ መብራትና የሠራተኛ ወጪ በአንድ ዳቦ ላይ ስንት እንደሚያርፍ አጥርቶ ማውጣት ይችላል። ፒችትሪ ላይ ሒሳብ መዝግቦ የወሩን መግለጫ ቤቱ ተቀምጦ መላክ ይችላል። ዳቦ ቤቱም ይህን ይፈልጋል፤ ለሙሉ ጊዜ ሒሳብ ሠራተኛ የሚከፍል አቅም የለውም። ነገር ግን የትኛው ባለ ዳቦ ቤት ነው ለማያውቀው ልጅ ደረሰኙን ገልጦ የሚያሳየው?

ኮሌጁ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ውሉን ኮሌጁ ከዳቦ ቤቱ፣ ከብሎኬት አምራቹ፣ ከሬዲዮ ጣቢያው፣ ከእርዳታ ድርጅቱ ጋር ይፈርም። ሥራውን ተማሪው ይሥራ፣ አንድ መምህር ይመልከተው፣ ስህተት ቢገኝ ኮሌጁ ይጠየቅ። ክፍያው በኮሌጁ በኩል ገብቶ የተማሪው የኮሌጅ ክፍያ ይቀነስለት፤ የተረፈው በእጁ ይሰጠው። ተማሪው በስሙ የሥራ ማስረጃ ይኖረዋል፤ ነገ ወደ ዓለም አቀፉ መድረክ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን የመሰለ እምነት አግኝቷል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ዛሬ ይማራል፣ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፍላል። የግሉ ተማሪ ግን ይህ የለውም፤ ቁጥሩም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ በር ሲጠብ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ ወደ ላይ ለመውጣት የግል ኮሌጅ ያንኳኳው ብዙ ነው። እዚያ የክፍያ ቀን አለ፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣት አለ፤ ያልከፈለ ሚድ ኤግዛም የማይቀመጥበት ኮሌጅም አለ። የኦንላይን ገንዘብ ደግሞ ሥራው ርክክብ ከተደረገበትም በኋላ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሥራ ጨርሶ ገንዘቡን የሚጠብቅ ተማሪን መቅጣት ለማንም አይበጅም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለዕረፍት ደሴ ወላጆቿ ዘንድ የነበረች ተማሪዬ በማስረከቢያዋ ቀን ከደንበኛዋ ጠፋች። ደንበኛው ምን እንደደረሰባት ማወቂያ አልነበረውም፤ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቶ ሌላ ሰው ቀጠረ። ኮሌጁ መሐል ቢኖር ኖሮ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው በዚያው ቀን ደብዳቤ ይጽፍላት፣ ሥራውን ለክፍል ጓደኛዋ ያስተላልፍላት ነበር።

የኮሌጅ ባለቤቶች «እኛ ትምህርት ቤት ነን፣ የሥራ ፈላጊና አሠሪ አገናኝ አይደለንም» ይሉኛል። ክፍያ አቅቶት በመሐል የሚወጣ ተማሪ ለኮሌጁም የሚቀር ገቢ መሆኑን ሒሳብ ክፍላቸው ያውቀዋል። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ሥራው ትምህርቱን እንዳይበላው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም፤ ኒውዮርክ ቢሮ ሲከፈት እኛ ጋ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ ለአሜሪካ ደንበኛ የሚሠራ የማታ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣል። የአገር ውስጥ ሥራ ይቅደም የምለው አንዱም ለዚህ ነው። ደግሞም የማታ ተማሪ የሚመጣው አመሻሽ ላይ ስለሆነ የኮሌጁ ኮምፒዩተር ክፍል ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ይውላል፤ ጄኔሬተሩና የኢንተርኔት መስመሩ ግን ተከፍሎበታል። ቁልፉን ለሚሠሩት መስጠት ብዙ ወጪ የለውም።

ማሽን ሥራውን ሊወስደው ነው የሚሉም አሉ። የእንግሊዝኛ ድምፅ መገልበጥን በአብዛኛው ወስዶታል። አማርኛ ላይ ግን ማሽን የጻፈውን የሚያርም ሰው ዛሬም ያስፈልጋል፤ የዳቦ ቤቱን ደረሰኝ ከነጭቃው አንብቦ ባለቤቱን ደውሎ የሚጠይቅም እንዲሁ።

ሐሳቡን ጽፌ ለኮሌጃችን ዲን ሰጥቻለሁ። ክፍያው በሥራ ሰዓት እንዲተመን፣ ሥራው በሳምንት ከ15 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በፈተና ሳምንት ምንም እንዳይሰጥ የሚል ረቂቅ ውል አያይዣለሁ። ከሥሩ የሁለት ዳቦ ቤቶችና የአንድ ብሎኬት አምራች ስም አለ፤ ሦስቱም ኮሌጁ ከፈረመ የዘንድሮ ሒሳባቸውን ለተማሪዎቻችን ለመስጠት ተስማምተዋል።