ካሜራ የሌለው ፊልም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የሰፈሩ ሰዎችና ተማሪዎች በአንዲት ጠባብ የትምህርት ክፍል ተሰብስበው፥ ገና ያልተቀረጸ የፊልም ድርሰት በየድርሻቸው ሲያነቡ ሰማን። ታሪኩ አባቱ ሐኪም እንዲሆን ስለሚመኙለት፥ እርሱን ግን ጃዝ ስለ ማረከው ልጅ ነው። መጋረጃም ሆነ ጌጥ አልነበረም። «ከበሮው ይገባል» ተብሎ በተጻፈበት ቦታ አንዱ አንባቢ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ፤ ያም በቃ።

በእኛ አስተያየት የማታው ዋና ፍሬ የአባትየው ንግግር ነው። በወረቀት ላይ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ረዘመ፥ ሕዝቡም ማሳል ጀመረ። ደራሲዋ ወዲያው እርሳሷን አነሣች። ካሜራ ከተነሣ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይህ እርማት ስንት ብር ይፈጅ ነበር? ስለ አንድ ወጣት የጃዝ ከበሮ መቺ የሚናገረው «ዊፕላሽ» እንኳ፥ በ2014 እ.ኤ.አ. በሙሉ ከመታየቱ በፊት በ18 ደቂቃ አጭር ፊልም ተሞክሮ ነው ገንዘብ ያገኘው።

አዳራሹ ለትምህርት እንጂ ለጨዋታ አይደለም የሚሉ ወንድሞች አሉን። ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ በኋላ በለንደንና በቦስተን ሙዚቃ ባይማሩ ኖሮ ኢትዮ ጃዝ የምንለውን ከማን እንሰማ ነበር? ቅዳሜ ዕለት ብዙ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ፥ አዳራሹ ተቆልፎ ባዶውን አድሯል። ስለዚህ የማኅበሩ ምክር ቤት በወር አንድ ማታ፥ ለሰፈሩም ሰው ጭምር እንዲከፍተው እንጠይቃለን። የቀረው ክፍል በሚመጣው ወር ይነበባል፤ እስከዚያ ካልተከፈተ ወንበር ስለሚያንስ ቀደም ብሎ መምጣት ነው።