«ክላሲካል ነው፣ እናቴ»

ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። ፒያኖ ነው፤ ያለ አጃቢ፣ ዝግ ብሎ፣ ሰው ለራሱ የሚያወራ ዓይነት። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ አባት ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ግማሽ ደቂቃ አልቆየም። «እንደምን አደራችሁ፣ ውድ አድማጮቻችን!» ብሎ አቅራቢው ላዩ ላይ ወጣበት። ፒያኖው ድምፁ ተቀነሰ፤ የአየር ጠባይ ተነበበበት፣ የሪል ስቴት ማስታወቂያ ተከተለ፣ ከዚያ የአውሮፓ እግር ኳስ ውጤት። ሙዚቃው የማን እንደነበር የነገረን የለም። አባትም ዓይናቸውን ገልጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ።

«አገር በስንት ነገር ተወጥራ አንተ ስለ ፒያኖ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ታገሱኝ። ጉዳዩ የፒያኖ ብቻ አይደለም። የሰውን ሥራ በየማለዳው እየተጠቀሙ ስሙን የመንሳት ጉዳይ ነው።

እኛ ዘንድ «ክላሲካል» የምትባል ቃል አለች። በሌላው ዓለም የራሱ ታሪክና ሥርዓት ያለው የሙዚቃ ዘርፍ መጠሪያ ናት። እኛ ግን ዘፋኝ የሌለበትን ሁሉ ክላሲካል ብለን ተገላገልን። ቤትሆቨን ክላሲካል ነው። ኬኒ ጂ ክላሲካል ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ክላሲካል ነው። ዋሽንትም ክላሲካል ነው። በሬዲዮ ስቱዲዮ ቋንቋ የቃሏ ትርጉም አንድ ብቻ ነው፦ ሰው መናገር እስኪጀምር ድረስ ክፍተት መሙያ።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የአየር ሰዓት ገዝቶ በሚሠራ አንድ የጠዋት ፕሮግራም ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ስቱዲዮው ኮምፒውተር ላይ «ክላሲካል» የሚል ፎልደር አለ። ስትከፍቱት «ክላሲካል 1»፣ «ክላሲካል 2»፣ «ክላሲካል 3» እያለ ይሄዳል። ማን ከየት እንደገለበጣቸው የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። እኔ ቁጥር 7ን እወደው ነበር። የጤና ምክር ሲነበብ ከሥሩ አደርገዋለሁ። ኮከብ ቆጠራ ሲነበብም እሱኑ። የሐዘን መግለጫ ሲመጣም እሱኑ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ስልክ ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ ቅድም ምክሩን ስታነቡ ከሥር የነበረው ፒያኖ የማን ነው?»

«ክላሲካል ነው፣ እናቴ።»

«እሱንስ ሰማሁ። የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «እናጣራለን» ብዬ ዘጋሁ። አላጣራሁም።

ከአንድ ዓመት በኋላ ጓደኛዬ ቤት ቡና እየጠጣን ሙዚቃ ከፈተ። ቁጥር 7 ነው። ዘልዬ ተነሳሁ። «ይሄ የማን ነው?» አልኩት። «እማሆይ ናቸው እንጂ!» አለኝ፤ አለማወቄ እየገረመው። በፈረንሳይ በሚታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁጥር 21 አልበም ነበር። ሙሉው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ።

እኔ በእሳቸው ጣቶች ላይ ኮከብ ቆጠራ ሳስነብብ እማሆይ በሕይወት ነበሩ። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም፣ ዘጠናን ተሻግረው፣ ከፒያኗቸው ጋር። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ካይሮ ቫዮሊን ያጠኑ፣ በኋላም መንኩሰው ሙዚቃውን ያልተዉ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ሲታተም ገቢውን ለችግረኛ ልጆች አውለውታል። በ2009 ዓ.ም. ቢቢሲ ስለ እሳቸው የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም ሠራ። ሙዚቃቸው «ታይም» በተሰኘው የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም፣ ቀጥሎም «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ ገባ። እኛ ጋ ግን ቁጥር 7 ነበሩ።

መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ያን ሰሞን የከፈትኳቸው ጣቢያዎች ስማቸውን በክብር ጠሩ፣ ሥራቸውን አሰሙ፣ «ታላቅ ሀብታችን» አሉ። እኔም ጻፍኩ። በአደባባይ ስም ለመጠራት የግድ መሞት ያስፈልጋል ማለት ነው?

እማሆይ ብቻም አይደሉም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት»ን የደረሱት የዋሽንታችንን ዜማ ከኦርኬስትራ ጋር ሊያነጋግሩ ነው። ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ፒያኖ አጥንቶ፣ ትዝታንና አምባሰልን በዚያ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአየር ጠባይ ዘገባ ምንጣፍ ሊሆኑ አይደለም።

የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ ሳይቆረጥ የምንሰማው መቼ ነው? ሰው ሲሞት! ነሐሴ 2004ን አስታውሱ። እናቴ እስከ ዛሬ ሬዲዮው ዋሽንት ካስረዘመ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ማን ሞተ?» ትላለች። ትክክል ናት፤ ያስተማርናት እኛ ነን። በእኛ ሬዲዮ ያደገ ልጅ ዋሽንት ሲሰማ ወይ ማስታወቂያ ሊመጣ ነው፣ ወይ ለቅሶ አለ ብሎ ያስባል። እረኛ በመስክ ለደስታውም ለብቸኝነቱም የሚነፋውን መሣሪያ የመርዶ ነጋሪ አደረግነው።

አሁን ወደ ሰበቦቹ ልምጣ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ እኔም ብዬአቸዋለሁ።

«አድማጭ አይፈልገውም» ይባላል። መቼ ጠየቃችሁት? አስጀምራችሁ በሠላሳኛው ሰከንድ የምትቆርጡትን ነገር አድማጭ ሊወደው የሚችለው እንዴት ነው? ያቺ እናት የስልክ ካርዳቸውን ከፍለው የደወሉት ለሽልማት ጥያቄ አልነበረም።

«ስፖንሰር የለውም» ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። ብዙዎቹ የኤፍ ኤም ፕሮግራሞች በተባባሪ አዘጋጆች የሚሠሩ ናቸው። አዘጋጁ ሰዓቱን ከጣቢያው ይገዛል፣ ገንዘቡን በማስታወቂያ ማስመለስ አለበት፣ ስለዚህ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ይገባኛል፤ ደመወዜም ከዚያ ነበር የሚከፈለኝ። ግን «አሁን የሰማችሁት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ቆጥሬዋለሁ። አራት። ለአራት ሰከንድ ስፖንሰር የሚያስፈልገው ጣቢያ ካለ ችግሩ የገንዘብ አይደለም።

«የማን እንደሆነ አይታወቅም» ይባላል። ስሙን አጥፍታችሁ «ክላሲካል 7» ያላችሁት እናንተው! ዛሬ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ሻዛምን ከፍቶ ብዙውን በሰከንዶች ይነግራችኋል። ስልኩ ያላወቀውን ደግሞ ያሬድ ትምህርት ቤት ደውሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ደግሞም የቅንነት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለ። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ በሥራው ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት መብት ይሰጠዋል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ደግሞ ባለመብቶች ተደራጅተው ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተመቻችቷል። ግን ስሙ ያልተመዘገበ ሥራ በየትኛው ደብተር ላይ ይቆጠራል? ስም የሌለው ሰው ሮያሊቲ የለውም። የድምፃዊ ዘፈን ቢሰረቅ ድምፁ ይመሰክርለታል። ቃል የሌለው ሙዚቃ ምስክሩ የተጫዋቹ ስም ብቻ ነው፤ እሱን ስትነሱት ዳቦውንም ነሳችሁት።

ስለዚህ ለጠዋት ፕሮግራም አዘጋጆች ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንድ፦ ዛሬውኑ ያን ፎልደር ክፈቱና በቁጥሩ ቦታ ስም ጻፉበት። ሁለት፦ ለማጀቢያ የተጠቀማችሁበትንም ቢሆን በፕሮግራሙ መጨረሻ ስሙን ጥሩ። ሦስት፦ በቀን አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝም ብላችሁ አሰሙ። ጥቂት የእሁድ ፕሮግራሞች ይህን ያደርጉታል፤ ጣቢያቸው አልፈረሰም።

ለእናንተ ለአድማጮች ደግሞ አንድ ነገር። የስልክ መስመሩ ክፍት ሲሆን ደውሉና «ቅድም የነበረው የማን ነው?» በሉ። «ክላሲካል ነው» ካሏችሁ አትዝጉ። «እሱንስ ሰማሁ» በሏቸው።

ያኔ የደወሉልኝ እናት ይህን የማንበብ ዕድል ይኑርዎት አይኑርዎት አላውቅም። ዘግይቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበር።

ቸር እንሰንብት።