የንግድ ዕቃን ስም የሚያጸናው ማን ነው?

የአንድ ንግድ ቤት መልካም ስም በብዙ ዘመን ድካም ይገነባል፤ ለመጉደፍ ግን አንድ ቀን ይበቃዋል። ይህን ለመረዳት የሚሻ ነጋዴ በአሜሪካ አገር፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ኒው ኡልም በምትባለው ትንሽ ከተማ የሚገኘውን የሼልን ቢራ ጠማቂ ቤት ቢመለከት ብዙ ትምህርት ያገኛል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒው ኡልምን በ1854 የቈረቈሯት ከጀርመን አገር የፈለሱ ሰዎች ናቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ተነሥቶ በመኪና ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ጎብኚው ወደ ከተማይቱ ሲደርስ በኮረብታዋ ላይ የጥንታዊውን የጀርመን ጀግና የሄርማንን ሐውልት ያያል። ከዚያም በወንዝ ዳር ወዳለው ጠማቂ ቤት ሲወርድ አትክልት ቦታውን፣ የመሥራቹን ቤተሰብ መኖሪያና ጣዎሶችን ያገኛል። ገብሱ እንዴት ብቅል እንደሚሆን፣ የእኛን ጌሾ ሥራ የሚሠራው ሆፕ የተባለው ተክል እንዴት እንደሚጨመር ከተገለጸለት በኋላ ከቢራው ይቀምሳል።

ይህን ቤት ባደን ከተባለው የጀርመን ክፍል የመጣው አውጉስት ሼል በ1860 አቋቋመው። ከሁለት ዓመት በኋላ የዳኮታ ሕዝብና የአሜሪካ መንግሥት በተዋጉ ጊዜ የከተማይቱ ብዙ ቤቶች ሲቃጠሉ ጠማቂው ቤት ተረፈ። ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ በአገሪቱ ሁሉ በሕግ ተከልክሎ ሳለ ደግሞ ቤቱ አልኮል የሌለበትን ቢራ፣ ለስላሳ መጠጥንና ከረሜላን እየሸጠ ዘመኑን አሳለፈ። በዚያ ክልከላ ብዙ ጠማቂዎች እስከ ዘለቄታው ሲዘጉ፣ የሼል ቤት ዕቃውን ለወጠ እንጂ ስሙን አልለወጠም። እስከ ዛሬም ከመሥራቹ ዘር እጅ አልወጣም።

ሆኖም በ2012 ያልታሰበ ነገር ደረሰበት። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር የባለሙያ እጅ ሥራ ናቸው ከሚላቸው ትናንሽ ጠማቂዎች ተራ የሼልን ቤት አወጣው። ምክንያቱም በገብስ ብቅሉ ላይ በቆሎ ይጨምራል የሚል ነበር። ቤቱም በግልጽ ደብዳቤ ተከራከረ፤ መሥራቹ በቆሎ የጨመረው በስስት ሳይሆን በዘመኑ በአካባቢው የሚገኘው ገብስ ለብቻው የሚፈለገውን ጥራት ስለማይሰጥ ነው ሲል አስረዳ። ማኅበሩ በ2014 ደንቡን አሻሽሎ እንዲህ ያሉትን ቤቶች መልሶ ተቀበለ።

በርግጥ ማኅበሩ የተነሣበት ሐሳብ መሠረት አለው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በትንሽ ጠማቂ ስም ተሸሽገው እንዳይሸጡና ገዢው እንዳይታለል ወሰን ማበጀት ተገቢ ነበር። ነገር ግን ይኸው ማኅበር በ2011 መግቢያ ላይ የትንሽ ጠማቂን ልክ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ወደ 6 ሚሊዮን በርሜል ከፍ አድርጎ ነበር። የአንዱ በርሜል ልክ 117 ሊትር ያህል ነው። እንግዲህ ለመጠኑ ይህን ያህል የለሰለሰ ደንብ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በቆየው በቆሎ ላይ መጽናቱ ፍርዱን ሚዛን አሳጥቶታል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለጠማቂ ብቻ አይደለም። ቡና ላኪም፣ ጨርቅ አስመጪም፣ ባለ ሱቅም ዕቃው በደረጃና በስም ይመዘንበታል። ደረጃ ማውጣት አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ደንብ የሚጽፉ ሰዎች ከመጻፋቸው አስቀድሞ ያንን ሥራ ለረጅም ዘመን የሠሩትን ቤቶች ጠርተው፣ ልማዱ ከምን እንደ መጣ ሊጠይቁ ይገባቸዋል። ነጋዴም በበኩሉ እንደ ሼል ቤት የአሠራሩን ምክንያት ዐውቆ፣ በተጠየቀ ጊዜ በግልጽ ማስረዳት አለበት። ምክንያቱን የማያውቅ ነጋዴ ልማዱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ሊሟገትለት አይችልም።

ማኅበር ስም ሊሰጥና ሊነሣ ይችላል። ስሙን የሚያጸናው ግን ዛሬ ገዝቶ ነገም የሚመለሰው ደንበኛ ነው።